የእንቅልፍ ጉም ደንብ

አረንጓዴ ሽፋን ባለው ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ አለ፤ በላዩ ያለው ደንብ መጀመሪያ ሲጻፍ አራት መስመር ብቻ ነበረው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረበት። በዙሪያው ያለው ቀይ ጽሑፍ ግን የእኔ አይደለም። ቀዩ ከጥቁሩ ይበዛል። አንዱ መስመር ተሰርዟል፣ ሌላው በቀስት ወደ ኅዳግ ተወስዷል፣ ከግርጌው ደግሞ መምህር የተማሪ ፈተና ላይ የሚያኖረው ዓይነት ምልክት አለበት። የምጽፈው ያ ገጽ እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ነገር ነው። ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬ ከሃምሳ ጥቂት ፈቀቅ ብሏል፤ ደብረ ብርሃን ብቻዬን እኖራለሁ። ሰው እንደ እኔ ያለችውን ሴት ከጨዋታ ጋር አያይዞ አያስብም፤ እኔም አላስብም ነበር። ጨዋታውን ወደ ቤቴ ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ስትማር ለምዳው መጣች። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው በሐሳቡ ይፈጥራል፤ ሙያ ይሰጠዋል፣ ጓዙን ይዘረዝራል፣ ብርታቱን በቁጥር ይጽፋል። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል። አጫዋቹ «ገደል አፋፍ ደርሳችኋል፤ ድልድዩ ተሰብሯል» ይላል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ ዕጣ ይወስናል። ጠላትም ቢመጣ እንደዚሁ በየተራ ነው፤ የጠላትን እጅ የሚያንቀሳቅሰው አጫዋቹ ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። ታሪኩ ካቆመበት እየቀጠለ ይሄዳል።

ለዕጣው የሚወረወር፣ በየገጹ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ አይገኝም። የእህቴ ልጅ በስልኳ ትጠቀም ነበር። እኔ ስልኩ ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣው ስለማላይ አላመንኩትም። ሃያ የለስላሳ ቆርኪዎች ሰብስቤ፣ አጥቤ፣ ውስጣቸው ላይ ከአንድ እስከ ሃያ በጥፍር ቀለም ጻፍኩባቸውና በጨርቅ ከረጢት አደረግኳቸው። የወጣው ቆርኪ ተመልሶ ይገባል፤ ከረጢቱ ሦስት ጊዜ ይናወጣል፤ ከዚያ በፊት ማንም እጁን አያስገባም። የእህቴ ልጅ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ከረጢቱም፣ ደብተሩም፣ አጫዋችነቱም እኔ ዘንድ ቀሩ።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ አንኮበር በአንድ ደብር ለትውልድ ካገለገሉ ካህናት ወገን የተወለደ፣ አባቱም አያቱም ቄስ የነበሩ። እርሱ የመረጠው ሰው ሌባ ነበር። «አርባ ዓመት ሙሉ ጨዋ ሆኛለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ ልረፍ» ብሎናል። ሁለተኛው የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያውቅ። ሦስተኛዋ ጎረቤላ በሚገኝ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምር፣ ትውልዷ አሊዩ አምባ የሆነ ሴት ናት። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ሰባት ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት እናቆማለን። የእርሷ ሰው የበቅሎ ቅፍለት የምትመራ ነጋዴ ነበረች፤ ከደጋው ወደ ቆላው፣ ከቆላው ወደ ደጋው አሞሌ ጨው የምታመላልስ። ስለዚህ ሐኪሙ «ነጋድራስ» ይላት ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ስም አልነበራትም።

ነጋድራስ የፈጠረቻትን ሰው ዝርዝር የጻፈችው በግራፍ ወረቀት ላይ ነበር። ከሰውዬዋ ይልቅ በቅሎዎቹ ብዙ ቦታ ይዘዋል። ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ፤ አራቱም የሚጠሩት በቀለማቸው ነው። የእያንዳንዷ ዕድሜ፣ የምትሸከመው ክብደት፣ የምትፈራው ነገር ተጽፏል። አንድ ቅዳሜ ወደ መናኸሪያ ስሸኛት፣ ሳልጠይቃት፣ የአባቷ በቅሎዎች መሆናቸውን ነገረችኝ። አባቷ ከአሊዩ አምባ ዳገቱን እየወጡ የሚነግዱ ነበሩ። እርሳቸው ሲሞቱ ወንድሞቿ በቅሎዎቹን ለየገዢው በተኗቸው።

«አሁን ያሉት እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ቦታ የሉም እትዬ።»

መኪናው መጣና ገባች። ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በእኔ ፎልደር ውስጥ፣ በእኔ ቁም ሣጥን ይቀመጥ ነበር።

ወደ ደንቡ ልመለስ። ጨዋታው ውስጥ ሰውን የሚያስተኛ ኃይል አለ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ «የእንቅልፍ ድግምት» ብላ ተርጉማው ነበር። ሐኪሙ ገና ሲሰማ ቀና አለ።

«ድግምትስ ይቅርብን። እናቴ ሰምታ እንደሆነ ጠበል ታስጠምቀኛለች።»

«ሲሕርም እንዳትሉት» አለች ነጋድራስ። «ያው ድግምት ነው፤ ከእኛ ከሙስሊሞቹ ወገን ደግሞ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ለጥቂት ጊዜ አስቦ «ጉም ይሁን» አለ። ከአንኮበር ሸንተረር በታች ከቆላው የሚወጣውን ጉም ያየ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል፤ ከብቱም ሰዉም ባለበት ቆሞ ይቀራል። በዚያው ጸና፤ የእንቅልፍ ጉም። እርሱም የራሱን ሰው ጉም ጠሪ አደረገው። ምግባችንም በዚሁ ዓይነት ስምምነት የተወሰነ ነበር፤ ሻይ፣ ዳቦና ነጋድራስ ከእናቷ ቤት የምታመጣው ከነቅርፊቱ የሆነ ለውዝ፤ ሥጋ ወደ ጠረጴዛው አይቀርብም።

የደነገግኳቸው አራት መስመሮች እነዚህ ነበሩ። ጉም የወረደበት ሰው ብርታቱ ከወጣው ቆርኪ ካነሰ ይተኛል። የተኛ ሰው ውጊያው እስኪያበቃ ተራ የለውም። ጓደኛው ተራውን ሰውቶ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የተኛን ሰው የሚመታ ዕጣ አያስፈልገውም፤ አንዱ ምት ይበቃል። ደንቡ ለተጫዋቾቹም ለጠላቶቻቸውም እኩል ይሠራል ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። ፍትሐዊነት ለእኔ ያን ጊዜ ይህ ነበር፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መስፈሪያ።

በመጀመሪያው ዓመት ጉሙን የተጠቀሙት እነርሱ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጉም ይጠራል፣ ሽፍቶች ይተኛሉ፤ ከዚያ ውጊያው በእኔ ስሌት ማለቅ ነበረበት። አያልቅም ነበር። የተኙትን ሽፍቶች አንድ በአንድ ያስራሉ፤ መሣሪያቸውን ይሰበስባሉ፤ አቅራቢያ ወዳለ መንደር ወስደው ለሽማግሌ ያስረክባሉ። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ተራውን ሁሉ የሰባት ሽፍቶችን ጫማ ለመደበቅ አዋለው። ደንቡን አስታወስኳቸው።

«አንድ ምት ይበቃል እኮ።»

«ገብቶናል መምህርት» አለ ሐኪሙ። «ግን የተኛ ሰው ነው።»

ይህንንም በደብተሩ ኅዳግ መዘገብኩ፤ «ተራ ማባከን» ብዬ።

ያ ቅዳሜ ክረምቱ ወጥቶ ንፋሱ በጀመረበት ወቅት ነበር። ነጋድራስ ሚኒባሱ ሸንተረሩ ላይ ጉም ይዞት ዘግይታ ደረሰች፤ ሻርፗ እርጥብ ነበር። የዕለቱ ታሪክ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ነው። ቅፍለቱ ከነጭነቱ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ከማዶ ሽፍቶች ወጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እነርሱም ጉም ጠሪ ይዘዋል። አዲስ ነገር ለማምጣት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩበት ነበር። የመጀመሪያው ተራ የሽፍቶቹ ሆነ። ጉሙ ወረደ። ከረጢቱን አናውጬ እጄን አስገባሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ ራቅ ብለው ስለነበር አልደረሰባቸውም።

«ነጋድራስ ተኝታለች» አልኩ።

«ትተኛ» አለ ሐኪሙ። «ከጎረቤላ ድረስ ስትንገጫገጭ የመጣች ሰው ናት።»

ሁሉም ሣቁ፤ እርሷም ሣቀች። ውጊያው ቀጠለ። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ከሽፍቶቹ ጉም ጠሪ ጋር ተያያዘ። ነጋድራስ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ገፍታ ለውዝ መፈልፈል ጀመረች። በሦስተኛው ዙር የሐኪሙ ሌባ የተኛችበት ቦታ ደረሰ። አጠገቧ ቆሟል። እንደሚቀሰቅሳት ጠብቄ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«ጋቢዬን አለብሳታለሁ» አለ።

«ተራህን ለዚያ ነው የምታውለው?»

«ወንዝ ዳር ነን መምህርት። ብርድ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔንስ ማን ያለብሰኝ?» አለ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ያን ዝቅ ያለ ድምፁን ሳይቀይር። «እኔ ነቅቼ ነው የምደበደበው።»

«አንተ ቀድመህ መተኛት ነበረብህ።»

«ሦስተኛ ዙር፤ ጋቢ አለበሳት» ብዬ ጻፍኩ። ነጋድራስ ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው፤ ፈገግ ያለች መስሎኛል። ከዚያ ወደ ለውዟ ተመለሰች። ውጊያው ረጅም ነበር፤ እያንዳንዱን ርምጃ ለክቼ ስለማስኬድ የእኔ ውጊያዎች ሁልጊዜ ረጅም ናቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከረጢቱን አልነካችም። የተፈለፈለው ለውዝ ከሻይ ማስቀመጫዋ ጎን ክምር ሠራ። አንድም አልበላችም። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ትዕግሥት ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

በመጨረሻ አንድ ሽፍታ ቀረ፤ ቆስሏል፤ ሁለቱ ወንዶች ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ በእጁ ክልል ውስጥ ያለችው የተኛችው ብቻ ናት። ይህ ሽፍታ ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ግልጽ ነበር። ደንቡን አወጣሁና አራተኛውን መስመር አነበብኩላቸው።

«መምህርት፣ ተኝታለች እኮ» አለ ሐኪሙ።

«አውቃለሁ። ደንቡ የሚለው ይህን ነው።»

«ጋቢ ለብሳለች።»

ማንም አልሣቀም። ከብርታቷ የቀረውን ቁጥር ተናገርኩ፤ ዜሮ፤ ሰውዋ ሞተች ማለት ነው። ነጋድራስ የግራፍ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ለአፍታ አየችው፣ በአራት አጠፈችው።

«እሺ» አለች። ከዚያ ሰዓቷን አይታ «መኪናው ደርሷል» አለች፤ ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር። ሦስታችንንም ጨብጣ ወጣች። ወረቀቱ ወደ ፎልደሩ አልተመለሰም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ።

በሚቀጥለው የጨዋታ ቅዳሜ አልመጣችም። «ይቅርታ እትዬ፣ ፈተና እያረምኩ ነው» የሚል መልእክት ላከች። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የደረሰኝ አንድ ቃል ነው፤ «አልመጣም»። ሁለቱ ወንዶች ግን መጥተው ነበር። ሻይ ቀዳሁ። ደብተሩን ገለጥኩ።

«በቅሎዎቹን ማን ይዟቸዋል?» አለ ሐኪሙ።

«ማንም አልያዛቸውም። ወንዙ ዳር ናቸው።»

«ጭነታቸው አልወረደም ማለት ነው።»

«አልወረደም።»

ሐኪሙ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አላደረገበትም ነበር። «አንድ ወር ሙሉ ከነጭነት የቆመች በቅሎ ጀርባዋ ይላላጣል» አለ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ያን ቀን ከረጢቱ ከጠረጴዛው መካከል ሳይነካ ዋለ። ከሄዱ በኋላ ስህተቱን ለማግኘት ደብተሩን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። የምፈልገው የስሌት ስህተት ነበር። አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነው። ጉም በወረደበት ውጊያ ሁሉ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ «አሰሩት»፣ «መሣሪያውን ወሰዱ»፣ «ከዛፍ ጥላ አስተኙት»፣ «ጫማውን ደበቁ» የሚል ተጽፏል። «መቱት» የሚል አንድም ቦታ የለም። ሦስቱም በአንድ ሁለተኛ ደንብ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ለሌላው አልነገረውም፣ አንድ ጊዜም አልጣሱትም። ሐኪሙ ጋቢ ሲያለብሳት ተራ ማባከኑ አልነበረም። በእርሱ ዓይን ከሁላችንም ይልቅ ከአደጋ የራቀችው እርሷ ነበረች፤ ምክንያቱም ተኝታለች። ያን ደንብ ማየት የተሳነኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የምመዘግበውም እኔ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ በዚያ ሳምንት ደወለች።

«አክስቴ፣ ሰው ገደልሽ አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ። ድምፁ አይሰማም እንጂ ወሬውስ ይደርሳል።» ሣቀች፤ ዝም ስል ሣቋን አቆመች። «ምን ያህል ሰዓት ተኛች?»

«ከአንድ ሰዓት በላይ።»

«ዕጣ ሳታወጣ?»

«ደንቡ ተራ የላትም ይላል።»

«አክስቴ፣ ሽፍታ ሲተኛ አንቺ ሌላ ሽፍታ ታንቀሳቅሻለሽ። እርሷ ያለቻት አንዲት ሰው ናት። እርሷ ስትተኛ ቅዳሜዋም አብሮ ተኛ ማለት ነው። በሁለቱ ወገን እኩል አይደለም እኮ።»

«ምንም አላለችም። ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደህና ይመስልሻል» አለች የእህቴ ልጅ። በክፋት አይደለም የተናገረችው።

በዚያ ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችንን መከታተል ነበረብኝ፤ የጎረቤላውን ትምህርት ቤት ተራ ከባልደረባዬ ጋር ለወጥኩ። ደንቡን በአዲስ ገጽ ላይ ገልብጬ፣ ሁለት ማሻሻያ ጨምሬበት፣ ደብተሩን በቦርሳዬ ያዝኩ። የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ የተኛ ሰው በየተራው ለመንቃት ዕጣ ያወጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የተኛን ሰው መምታት ክልክል ነው የሚል። ጥሩ የተዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር።

ያገኘኋት በመምህራን ክፍል ነው፤ ከፊቷ የፈተና ወረቀት ክምር ነበር። ፈተና እያረመች መሆኗ እውነት ነበር። ተነስታ ሳመችኝ፣ ወንበር አቀረበችልኝ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ተማሪዎቹ ጠየቀችኝ። እኔም ስለ እናቷ ጠየቅኩ።

«አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።»

በመስኮቱ ጉም እያለፈ ነበር። የምናገረውን መኪና ውስጥ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበርና ተናገርኩት።

«ያ ቅዳሜ የተሳሳትኩ ይመስለኛል። ከፈለግሽ እንዳልሆነ እንቆጥረዋለን። ሰውሽ አልሞተችም ማለት ይቻላል።»

«የሞተች ሞታለች እትዬ» አለች። «እንዴት ብለው ነው የሚሰርዙት? የዚያን ቀን ሁላችንም ነበርን።»

«እንግዲያው በመሞቷ አይደለም የቀረሽው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባቴ ሲናገር የምሰማ ልጅ ነበርኩ» አለች። «ዳገቱ ላይ ነጋዴ ሲያድር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ በረት ነው የሚያድረው። የተኛ ሰው ጭነት አይነካም። ግን ደግሞ የሚነሱበት ሰዓት ሲደርስ የተኛን ሰው ትቶ መሄድ የለም። አንዱ ይቀሰቅሰዋል። ትከሻውን አይደለም፤ ትከሻውን የነኩት ሰው ደንግጦ ጩቤውን ይመዛል። የእግሩን አውራ ጣት ይይዙታል። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ጋቢ አለበሱኝ። ጣቴን ቢይዙ ኖሮ እነቃ ነበር።»

«ደህና ነሽ ብሎ ነው።»

«ገብቶኛል። ሁላችሁም ደህና ናት ብላችኋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን ሳይ ነው የዋልኩት።»

ቃላቱ ወቀሳ ነበሩ፤ አነጋገሯ ግን የመንገድ ርቀት እንደሚናገር ሰው ነበር። ደብተሩን አውጥቼ አዲሱን ገጽ ፊቷ አደረግኩ።

«እርሚው» አልኳት። «ከተማሪሽ አስበልጠሽ አትዘኚልኝ።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። የመጀመሪያውን ማሻሻያ ትክክል ብላ አለፈችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆመችና ሰረዘችው።

«ይህ አይሆንም። ሽፍታ የተኛ ሰው ይመታል። ካልመታማ ሽፍታ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«አንቺን እኮ የገደለሽ ይህ ነው።»

«እኛ አንመታም፤ እርሱ ይምታ። ግን ድንገት አይሁን። አንድ ተራ ጩቤውን ሲመዝ ይታይ። በዚያ ተራ ጓደኛ ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ዕጣ ይውጣ። ያለ ዕጣ ማንም አይሙት።»

አራተኛውን መስመር በቀስት ወደ ኅዳግ ወስዳ ይህን ጻፈች። ከጎኑ ደግሞ የተኛው ተጫዋች ከረጢቱን ይያዝ፣ የሽፍቶቹንም ዕጣ እርሱ ያውጣ ብላ ጨመረች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እጁ ሥራ ይፈልጋላ» አለች። «ለውዝ ሁልጊዜ አይኖርም።»

ያን ጊዜ ብቻ ሁለታችንም ሣቅን፤ ጥቂት። ስለ መቀስቀስ የሚለው መስመር ላይ «የእግሩን አውራ ጣት በመያዝ» ብላ ጻፈች፤ ለጨዋታው የሚለውጠው ነገር እንደሌለ አስተያየት ልሰጥ ነበር፤ ተውኩት። ከግርጌው ምልክቱን አደረገች። ደወል ተደወለ፤ ጠመኔዋን ይዛ ተነሳች። ትመጣለች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እርሷም አልተናገረችም።

ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ለውዝ ይዛለች። ቦርሳዋ ውስጥ በአራት የታጠፈው ወረቀት ነበር፤ የሞተችው ሰው ስም ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሯል፣ ከሥሩ አዲስ የፈጠረቻት የሟቿ ታናሽ እህት ስም ተጽፏል። የበቅሎዎቹ ዝርዝር አልተነካም።

«ነጋድራስ» አለ ሐኪሙ ቆሞ። «በቅሎዎቹ ከነጭነታቸው ቆመው ነው የቆዩሽ። እኔ ሐኪም ነኝ፣ ልቤ አልቻለም።»

«እርስዎ ጋቢ አያለብሷቸውም ነበር?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «ይህስ ይገባኛል» አለና ተቀመጠ።

ካቆምንበት ወንዝ ጀመርን። እህትየው ቅፍለቱን ለመረከብ ደርሳለች፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ሽፍቶቹ ሌላ ወገን ይዘው ተመልሰዋል። በቅሎዎቹን እየሳበች ውኃው መካከል ስትደርስ ጉሙ እንደገና ወረደ። በዚህ ጊዜ ያገኘው ሐኪሙን ነው። ደንቡ እንደሚለው ከረጢቱን ሰጠሁት።

«ተኝቼ ነው የማወጣው፤ በኋላ እንዳትወቅሱኝ» አለና ለሽፍቶቹ ዕጣ አወጣ፤ አሥራ ስምንት። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው የተመታው እርሱ ነበርና ግንባሩን ያዘ።

«ጋሼ፣ ነቅተው እንዲህ ያለ ቁጥር አውጥተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እንቅልፍ ሳይስማማኝ አይቀርም።»

ለመንቃት ያወጣው ግን ሦስት ሆነ፤ አልነቃም። ቀጥሎ አንድ ሽፍታ ወደ እርሱ ቀርቦ ጩቤውን መዘዘ። ይህንን አስታወቅኩ፤ አንድ ተራ እንዳላቸውም ተናገርኩ። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሊደርስ አይችልም። የምትደርሰው ነጋድራስ ናት፤ ግን በአንድ እጇ የጉራቻን ልጓም ይዛለች፤ ጉራቻ ውኃ እንደምትፈራ ወረቀቱ ላይ በራሷ እጅ ተጽፏል።

«ከለቀቅሻት ዕጣ ታወጪላታለሽ» አልኩ። «ከአሥር በታች ከወጣ ወንዙ ይወስዳታል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከሆነ በቅሎዋ ትወጣለች፣ ጭነቱ ይሄዳል።»

ወረቀቱን አየች። ሐኪሙ ከረጢቱን ወደ እርሷ አልገፋም፤ ጭኑ ላይ ይዞት ቀረ።

«እለቃታለሁ» አለች። «ሄጄ አውራ ጣቱን እይዛለሁ።»

«ነቅቷል» አልኩ።

«ከምኔው ነጋ?» አለ ሐኪሙ። ቀልዱን እንደጀመረ ተወው፤ ከረጢቱን ሦስት ጊዜ አናውጦ በሁለት እጁ አቀበላት።

አሥራ አንድ ወጣ። ጉራቻ ማዶ ወጣች። አሞሌው ሁሉ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ጨው በመሆኑ ፈልጎ ማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ነጋድራስ ከወረቀቱ ላይ ጭነቱን በላጲስ አጠፋችና በቦታው «የለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ለውዝ አንስታ በላች። ውጊያው ከአሥር ሰዓት በፊት አለቀ፤ ሽፍቶቹን አሰሯቸው፤ ሐኪሙ ጫማቸውን ለመደበቅ ፈቃድ ጠየቀ፣ ፈቀድኩ።

መኪናው ሊሄድ ሲል ሁላችንንም ጨበጠች። ፎልደሩ እንደ ወትሮው ከጠረጴዛው ጫፍ ነበር። ወደዚያ አላየሁም፤ ቆርኪዎቹን መመለስ ጀመርኩ።

«በቅሎዎቹ ማዶ ናቸው እትዬ» አለችኝ። የግራፍ ወረቀቱን እጥፋቱን በመዳፏ እያስተካከለች ፎልደሩ ውስጥ አኖረችው። «ጉራቻ እርጥብ ናት። አደራ።»

«እሺ» አልኩ። ከሄደች በኋላ የዕለቱን መዝገብ ጻፍኩ፤ «አምስተኛ ዙር፤ ቀሰቀሰችው»። ቀጥሎ የጉራቻን ልጓም ፈትተን፣ ጀርባዋን አድርቀን፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ አሰርናት የሚል ጨመርኩ። ይህን ማንም ተራውን ሰውቶ አላደረገውም፤ ደንቡም አይፈቅድም። አልሰረዝኩትም።